ሁለት ሜትር ገመድ

ዝምታን ፍለጋ ከየአገሩ የመጣን፣
ኬፕ ብሬተን ጫፍ ላይ፣ ነፋስ እየቀጣን፣
ማንኪያ እንኳ ሲወድቅ የምናፍር ማኅበር፣
በር የምንዘጋው በጣታችን ነበር።
በቀን አንዴ ብቻ፣ ራት ሲቀርብልን፣
አንድ አንድ ምስጋና ተፈቅዶልን፣
እሱንም በሹክሹክታ፦
ለጨው፣ ለካልሲ፣ ለጠዋት ጸጥታ።

ረጅሙ ገበታ፣ ከአንድ ግንድ የወጣው፣
ዐሥራ ዘጠኛችንን ክርን ለክርን ያመጣው፣
ዘንድሮ ሽንኩርት ተሰጥቶበታል፤
ጫፉ ላይ ድመቱ ተኝቶበታል።

የምስጋና በዓል፣ ሰኞ፣ በጥቅምት መባቻ፤
ወጥ ቤት የቀረነው እኔና ተርኪው ብቻ።
ሥጋውን ከፍዬ፣ ዱባውን ጠብሼ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ሳህን በጨርቅ አልብሼ፣
ከየጎጆው ደጃፍ አስቀምጬ ሸሸሁ።
ሰርቆ የሚሸሽ ሰው አውቃለሁ፤
ሰጥቶ የሚሸሽ ግን ራሴን አየሁ።

ከዚያ ወደ ሜዳው። ሎክላን የጀልባ ገመድ
ዘርግቶ ጠበቀን ከፖም ዛፎቹ መንገድ፤
በየሁለት ሜትሩ ቋጠሮ አስሮበት፣
«ከቋጠሮው ንቅንቅ የለም» ብሎ ምሎበት።
ክብ ሠራን፣ ሰፊ ክብ፣ የሞላ ከሜዳ፤
ለዓይን የሚበቃ፣ ለጆሮ ግን ዕዳ።
ነፋሱ ከባሕር፣ ጭምብሉ ካፍ ላይ፤
ሹክ ያልነው ሁሉ በነነ ወደ ሰማይ።

አንገስ ደግሞ አለ፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣
ከንፈር እያነበበ የኖረ በቤቱ።
ጆሮው ከተዘጋ ብዙ ነው ዘመኑ፤
ዘንድሮ ከንፈሮችም በጨርቅ ተከደኑ።
«ምን አላችሁ?» አለ። «ኧረ ጩኹልኝ!»

ጮኽን። እኛ፣ ማንኪያ ያሳፍረን የነበርን፣
የስንት ወር ዝምታ ባንዴ ሰበርን።
«ለሱፍ ብርድ ልብስ!»
«ለቀረችኝ አንዲት ጥርስ!»
«የፖስታ ቤቷ ልጅ ስሜን ስላልረሳች!»
«ፍየሏ ከገደል ወድቃ ስለተነሣች!»
የጎረቤት ላሞች ማመንዠኩን ትተው
አዩን፣ «ምን ነካቸው?» የሚሉ መስለው።

ከዚያ የኤፊ ተራ።
ኤፊ፣ እኅቷ ሚያዝያ ላይ ሃሊፋክስ የሞተችባት፣
በስልክ መስተዋት ብቻ የተሰናበተቻት።
ቋጠሮዋን በጫማዋ ስትረግጥ ቆይታ
አንድ ነገር አለች፣ ድምፅዋ ሳይበረታ።
እኔ ሰማሁ። ከጎኗ ያለችው ኦዴት ሰማች።
አንገስ ግን ከማዶ፦ «ምን አለች? ምን አለች?»

ማንም አልመለሰም። መሬት መሬት አየን።
እጁን ከጆሮው አድርጎ «ንገሩኝ» ሲል ለመነን።
ኦዴት ወደ ኤፊ ዞረች፤
ኤፊ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤
ኦዴትም ጮኸች፦
«ምንም የማመሰግንበት የለኝም ትላለች!»

ቀጣዩ ተቀበለ፦ «ምንም የለኝም ትላለች!»
ቀጣዩም፣ ቀጣዩም፣ ከቋጠሮ ቋጠሮ፣
ቤት ሲቃጠል ውኃ በባልዲ እንደሚያልፍ ድሮ።
ሎክላን ጋ ሲደርስ ግን «ትላለች» ወደቀች፤
«ምንም የለኝም!» ብቻ ሆና ካፉ ወጣች።
ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ በራሱ ስም
ጮኸው፦ «የለኝም! ምንም! ምንም!»
አባቱን የቀበረው፣ ሥራውን ያጣው፣
እኔም፤ ምን እንዳጣሁ ገና ያልቆጠርኩት።

አንገስ ሰማ። ባርኔጣውን አወለቀ፤
«ያልፋል» አላላትም፤ አልመከረ፣ አልመረቀ።
«ሰማሁሽ» አለ። «ኤፊ፣ ሰማሁሽ።»
ደወሉን የሚደውል ሰው ለጊዜው ረሳ።

ማታ ሳህን ልሰበስብ ዞርኩ፣ በፋኖስ።
ኤፊ ዱባውን በልታለች፤ ሥጋውን ትታለች፤
ሹካውን ግን አጥባ በጨርቅ ጠቅልላለች።
ምስጋና ይሁን ልማድ ይሁን፣ እንጃ፤
ቆየሁ ሳልንቀሳቀስ፣ ከታችኛው ደረጃ፣
ከበሯ ሁለት ሜትር፣ መብራቷ እስኪጠፋ።

ጠዋት ሎክላን ገመዱን ሊሰበስብ ወጣ።
«ከበደ» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ጤዛ ጠጥቷል።
አንዱን ጫፍ ያዝኩለት።